የቁስለኞች መዝገብ፦ ከአይደር እስከ ዓዲ ሓቂ

ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ የኤርትራ የጦር አውሮፕላኖች መቀሌን ደበደቡ። ከአውሮፕላን ማረፊያው ሌላ የአይደር ትምህርት ቤትና ሰፈሩ ተመቱ። እዚያ የወደቀው ክላስተር ቦምብ ነበር። ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ ሚያዝያ 1996 ዓ.ም. ዘሄግ ላይ የተሰየመው የኢትዮ-ኤርትራ የካሣ ኮሚሽን ኤርትራን ተጠያቂ ሲያደርግ፣ በውሳኔው የሰፈረው ቁጥር 53 ሟችና 185 ቁስለኛ የሚል ነው። ከሟቾቹ 12ቱ፣ ከቁስለኞቹ 42ቱ ተማሪዎች ነበሩ።

ይህ የዳኝነት ቁጥር ነው። የተቆጠረው ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ለመለየት እንጂ ማን እንዴት እንደዳነ ለማወቅ አይደለም። ስንቱ ደም ፈሶት ሞተ? ስንቱ በስንት ሰዓት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ ደረሰ? ከተረፉት ስንቱ እግሩን አጣ? እንዲህ ያለውን የሚጠይቅ ተመራማሪ ነው። ተመራማሪ ደግሞ የሚከፍለውና የሚቆጣጠረው አካል ይፈልጋል። የዚያን ዓመት መቀሌ ሁለቱም አልነበሯትም። የሕክምና ትምህርት ቤት ቀርቶ ዩኒቨርሲቲ የሚባል ገና አልተቋቋመባትም።

ዩኒቨርሲቲው የመጣው በ1992 ዓ.ም. ነው፤ ሁለት ኮሌጆች ተዋሕደው። አንደኛው እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ የነበረው በእርሻና በደረቅ አካባቢ ላይ ያተኮረ ኮሌጅ ነው። ሌላው የንግድ ሥራ ኮሌጁ ሲሆን ዓዲ ሓቂ ያለው ግቢ ዛሬም የቢዝነስና የኢኮኖሚክስ መማሪያ ነው። ሒሳብ አያያዝ፣ ኦዲት፣ የበጀት አስተዳደር የሚማሩት እዚያ ነው። የጤና ሳይንስ ኮሌጁ በ1990ዎቹ አጋማሽ ተከተለ። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 500 አልጋ ያለው የአይደር ሪፈራል ሆስፒታል፣ ያ ቦምብ በወደቀበት ሰፈር፣ በሩን ከፈተ። ከትግራይ ሌላ ከአፋርና ከሰሜን ምሥራቅ አማራ የሚላክ በሽተኛ ሁሉ መድረሻው እሱ ሆነ።

ለምርምር የሚሆነው ገንዘብ ግን መንገዱን ቀድሞ ይዞ ነበር። ከቤልጂየም የፍሌሚሽ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የተጀመረው የረጅም ጊዜ ትብብርና የኖርዌይ ድጋፍ አብላጫው ለአፈር፣ ለውሃ፣ ለእርሻና ለአካባቢ ጥበቃ የዋለ ነው። ለትግራይ መሬት የሚያስፈልግ ሥራ ነበርና ማንም አይነቅፈውም። በጤናውም በኩል በዚያው ሰሞን ዓለም ኪሱን የፈታው ለሦስት በሽታዎች ነበር። ግሎባል ፈንድ ለኤችአይቪ፣ ለቲቢና ለወባ ተቋቋመ። የአሜሪካው ፔፕፋር ለኤችአይቪ መጣ። የአውሮፓና የታዳጊ አገሮች የክሊኒካል ሙከራ ሽርክናም በ1995 ዓ.ም. ሲመሠረት ያተኮረው በእነዚሁ በሦስቱ ላይ ነበር። ቁስለኛ ግን ክትባት አይሠራለትም፤ ድንበር ተሻግሮ ለጋሹን አያስፈራም። ከባጃጅ ወድቆ ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ፣ ሲሚንቶ ጫኝ መኪና ገጭቶት ሆዱ ውስጥ የሚደማ ገበሬ፣ የልማት ዕቅድ ሰነድ ላይ ስማቸው ሲነሳ እንኳ በአንድ መስመር ታልፎ ነው።

ቁጥጥሩስ? እዚህ ላይ አገሪቱ ከገንዘቡ ይልቅ ቀድማ ሄዳለች ማለት ይቻላል። የሰው ልጅ የሚሳተፍበት የሕክምና ምርምር በኢትዮጵያ ሥር የያዘው ከአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ጋር ነው። ተቋሙ በ1962 ዓ.ም. በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች እርዳታ በሥጋ ደዌ ላይ ተነሳ። በደርግ ዘመን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን መጣ፤ ብሔራዊ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴውም ከዚያ ቤት ወጣ። የኮሚቴው መመሪያ እየታደሰ ሄዶ በ2007 ዓ.ም. ገደማ 5ኛ እትሙ ላይ ደርሷል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 661 ማንኛውም በሰው ላይ የሚደረግ የመድኃኒት ሙከራ ከምግብ፣ መድኃኒትና ጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን ፈቃድ እንዲያገኝ አስገደደ። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112 ሲተካውም ይህ ሥልጣን ከተቆጣጣሪው እጅ አልወጣም።

መቀሌ ላይ የጤና ሳይንስ ኮሌጁ የራሱን የጤና ምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ አቋቋመ። ሥራው ከውጭ ሲያዩት የወረቀት ጉዳይ ይመስላል። ረዚደንቱ ወይም የማስተርስ ተማሪው ፕሮፖዛሉን ያስገባል፤ ገምጋሚዎች ይጽፉበታል፤ ይመለሳል፤ ይታረማል። የኮሚቴው ደብዳቤ ቁጥርና ማኅተም ይዞ ሲወጣ ሆስፒታሉ ካርድ ክፍሉን ይከፍትለታል። እንዲህ ያሉ ኮሚቴዎች ውስጥ ሐኪምም ተመራማሪም ያልሆነ፣ ከኅብረተሰቡ የመጣ አባል እንዲኖር ደንቡ ያዛል። እኔ እንደማየው ከሁሉ የከበደው የሥራ ድርሻ የእሱ ነው። ሌሎቹ ስለ ናሙና ብዛት ሲከራከሩ እሱ «ይህን ወረቀት እናቴ ብትሰማው ይገባታል?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ለድንገተኛ አደጋ ምርምር ጥያቄው እዚሁ ላይ ይከርራል። አንድ ሰው በባጃጅ ተጭኖ ራሱን ስቶ ይመጣል። አስታማሚ የለውም፤ ያመጣው መንገደኛ ነው። መድኃኒቱ ይሠራ እንደሆነ የሚታወቀው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲሰጥ ነው። ታዲያ ማን ይፈርምለት? የሄልሲንኪ መግለጫ ይህን በር በጠባቡ ከፍቶታል፦ ኮሚቴ አስቀድሞ ካጸደቀው፣ ዘመድ ካልተገኘና ጥናቱ ሊዘገይ ካልቻለ ሕመምተኛው ወደ ጥናቱ ሊገባ ይችላል፤ ፈቃዱ ግን እንደተቻለ ከራሱ ወይም ከወኪሉ ይጠየቃል። በእኛ አገር ዘመድ አዝማድ እንኳን ለደም ጥናት ለስፌትም ተሰብስቦ የሚመክርበት ስለሆነ ይህች ጠባብ በር ብዙ ማስረዳት ትጠይቃለች።

በዚያው ዘመን በሌላው ዓለም ሁለት ጥናቶች የቁስለኛና የጽኑ ሕሙማን ሕክምናን ገለበጡት። ሁለቱም የከፋይንና የተቆጣጣሪን ሥራ ጥሩ አድርገው ያሳያሉ።

አንደኛው ክራሽ-2 ይባላል። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ. 1962) ጃፓናውያን ባልና ሚስት፣ ሾሱኬና ኡታኮ ኦካሞቶ፣ ደም መፍሰስን የሚገታ ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለ መድኃኒት ሠርተው ነበር። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ለአሥርት ዓመታት ለጥርስ ነቀላና ለወር አበባ መብዛት ሲያገለግል ኖረ። ለቁስለኛ የሞከረው አልነበረም፤ ርካሽን መድኃኒት በብዙ ሺህ ሰው ላይ የሚፈትን ነጋዴ የት ይገኛል? የለንደኑ የሃይጂንና ትሮፒካል ሜዲሲን ትምህርት ቤት አስተባብሮ፣ ዋናውን ወጪ የእንግሊዝ መንግሥት የጤና ምርምር በጀት ሸፍኖ፣ በ40 አገሮች በሚገኙ 274 ሆስፒታሎች 20,211 ቁስለኞች ተሳተፉበት። ውጤቱ ሰኔ 2002 ዓ.ም. ወጣ። መድኃኒቱን ካላገኙት 16.0 በመቶ፣ ካገኙት 14.5 በመቶ ሞቱ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ በዓለም ዙሪያ ደም ፈሶት በሚሞተው ቁስለኛ ብዛት ሲባዛ ግን የትየለሌ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመቱ መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው።

ሁለተኛው ፊስት የተባለው የኬንያ፣ የኡጋንዳና የታንዛኒያ ጥናት ነው። በትኩሳት ተዳክመው፣ ደማቸው በሚገባ አልዘዋወር ብሏቸው ለሚመጡ ሕፃናት ፈሳሽ በደም ሥር በፍጥነት መስጠት ያኔ በዓለም መማሪያ መጻሕፍት ሁሉ የተጻፈ ሕክምና ነበር። ጥናቱን ገለልተኛ የመረጃ ተቆጣጣሪ ቦርድ ከሩቅ ይከታተል ነበር። የታቀዱት 3,600 ሕፃናት ሳይሞሉ፣ 3,141 ላይ ሲደርስ ቦርዱ አቁሙ አለ። ምክንያቱም ፈሳሹ በፍጥነት ከተሰጣቸው በ48 ሰዓት ውስጥ 10.6 በመቶ ያህሉ ሲሞቱ፣ ካልተሰጣቸው የሞቱት 7.3 በመቶ ነበሩ። መጽሐፉ ተሳስቶ ነበር። ስሕተቱን የገለጠው በአፍሪካ ሆስፒታል የተሠራ ሙከራ ነው፤ ሞት እየተቆጠረ ሳለ ሙከራውን ያስቆመው ደግሞ ከሐኪሞቹም ከለጋሹም ያልወገነ ቦርድ ነው። ቁጥጥር ስንል የሪፖርት ቅጽ ብቻ ለሚመስላቸው ይህን እጠቅስላቸዋለሁ።

አገር ውስጥም ድንገተኛ ሕክምና ራሱን የቻለ ሙያ መሆን የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠናን በ2003 ዓ.ም. ከቶሮንቶና ከዊስኮንሰን ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ጀመረ። የቃጠሎ፣ የድንገተኛና የአደጋ ሕክምና የሚሰጠው አቤት ሆስፒታልም በቅዱስ ጳውሎስ ሥር በ2000ዎቹ መገባደጃ ተከፈተ። ከዚያ በፊት ድንገተኛ ክፍል ማለት ማንም ተረኛ የሚያልፍበት ኮሪደር ነበር ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

አይደር ላይም የሚሠሩት ጥናቶች ብዙዎቹ የካርድ ጥናት ነበሩ። ተመራማሪው ካርድ ክፍል ገብቶ ያለፉትን ዓመታት አቃፊዎች ያወጣል፤ ከእያንዳንዱ ላይ ዕድሜ፣ ፆታ፣ የአደጋው ዓይነት፣ የደም ግፊት፣ የገባበትና የወጣበት ቀን እየተለቀመ ወደ ቅጽ ይገለበጣል። ገሚሱ ካርድ ላይ አደጋው የደረሰበት ሰዓት አይገኝም። ሲመጣ የተለካው የደም ግፊት በእስክሪብቶ ተጽፎ በደም ተነክሯል። «ከሌላ ጤና ተቋም ሪፈር ተብሎ የመጣ» ይላል፤ ስንት ሰዓት መንገድ ላይ እንደቆየ አይልም። እንዲህ ያለ ጥናት ወጪው የፎቶኮፒና የመረጃ ሰብሳቢ አበል ነው፤ ከዩኒቨርሲቲው መደበኛ የምርምር በጀት ወይም ከተማሪው ኪስ ይሸፈናል። ችግሩን ያሳያል፣ መንገዱን ግን አይቀይስም። የትኛው ሕክምና ይበልጣል የሚለውን ለመመለስ ሙከራ ያስፈልጋል፤ ሙከራ ደግሞ የተሳታፊ መድን፣ ሌሊት የሚጠራ ነርስ፣ የመድኃኒት ማከማቻ፣ የውጭ ተቆጣጣሪ ጉብኝትና ዓመታት የማይቋረጥ ገንዘብ ይጠይቃል።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ-19 ኢትዮጵያ ሲገባ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚለው ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የዜና ርዕስ ሆነ። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ10 የአፍሪካ አገሮች፣ በ64 ሆስፒታሎች፣ ከ3,000 በላይ የኮቪድ ጽኑ ሕሙማንን የተከተለው ጥናት በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲታተም፣ ከሕመምተኞቹ ግማሽ ያህሉ በ30 ቀን ውስጥ እንደሞቱ ገለጠ። ያ ጥናት ሲታተም ግን መቀሌ ሌላ ዓለም ውስጥ ነበረች።

የትግራይ ጦርነት የተጀመረው ጥቅምት 24 ለ25 አጥቢያ 2013 ዓ.ም. ነው። ኅዳር 19 መቀሌ በከባድ መሣሪያ ተደበደበች፤ የፌዴራሉ ጦርም ገባ። አይደር በአንድ ጊዜ ሲቪል የአደጋ ሆስፒታል፣ የጦር ቁስለኞች መድረሻና የክልሉ ብቸኛ ከፍተኛ ሕክምና ማዕከል ሆነ። መጋቢት 6 ቀን 2013 ዓ.ም. ድንበር የለሽ ሐኪሞች የጎበኟቸውን 106 የትግራይ ጤና ተቋማት ውጤት አወጡ፦ ወደ 70 በመቶው ተዘርፈዋል፤ በወጉ የሚሠሩት 13 በመቶ ብቻ ናቸው። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. ገደማ በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የዓለም ጤና መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ደግሞ የበለጠ ከባድ ሥዕል ሰጠ። እስከ ሰኔ 2013 ዓ.ም. ድረስ ሥራ ላይ የነበሩት ከሆስፒታሎቹ 27.5 በመቶ፣ ከጤና ጣቢያዎቹ 17.5 በመቶ፣ ከአምቡላንሶቹ 11.9 በመቶ ናቸው። ከ712 ጤና ኬላዎች የሚሠራ አንድም አልነበረም። ኋላ ጦርነቱ ወደ አማራና አፋር ሲሻገር የደሴን የመሰሉ ሆስፒታሎችም የዝርፊያው ዕጣ ደረሳቸው።

ሰኔ 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ቶጎጋ ገበያ በአየር ድብደባ ተመታ። መንግሥት የተመቱት ታጣቂዎች ናቸው አለ፤ የጤና ባለሙያዎች ግን ከ50 በላይ ሰው መሞቱንና ከመቀሌ የተነሱ አምቡላንሶች መንገድ ላይ መከልከላቸውን ተናገሩ። የትግራይ ሰው ቀኑን አያሳስተውም፤ ሐውዜን በ1980 ዓ.ም. በአየር የተደበደበችው በዚያው ሰኔ 15 ነበርና። የተረፉት ቁስለኞች አይደር ሲደርሱ ሰዓቱ ከሄደ በኋላ ነበር። ለቁስለኛ ጥናት ሁሉ መነሻው «ከአደጋው እስከ ሕክምናው ስንት ሰዓት» የሚለው ነው፤ እዚህ ግን ሰዓቱን የሚወስነው የመንገዱ ርቀት ሳይሆን ኬላ ላይ የቆመው ሰው ነበር።

ከዚያ ዓመት ሰኔ ማብቂያ ጀምሮ ስልክ፣ ባንክና መብራት ተቋረጡ፤ ደመወዝ ቆመ። በጥር 2014 ዓ.ም. የዓለም አቀፍ ቀይ መስቀል ከወራት በኋላ የመጀመሪያውን የመድኃኒት ጭነት መቀሌ ሲያደርስ፣ የጤና አስተባባሪው ያዩትን ተናገሩ። ሐኪሞች ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ይሰጣሉ፤ ጓንት አጥበው ይደግማሉ፤ የቀዶ ሕክምና ዕቃ፣ ከደረት ደምና አየር የሚያወጣውን ቱቦ ሳይቀር፣ አጥበው ለሌላ ሰው ያውላሉ። ይህ ቱቦ አንድ ሰው ተጠቅሞበት የሚጣል ነው። ውስጡ የረጋ ደም ይጣበቃል፤ ጫፉ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ይደፈናሉ። እሱን አጥቦ፣ በኬሚካል ነክሮ፣ በሌላ ሰው ጎድን አጥንት መካከል ማስገባት ምን ያህል ኢንፌክሽን እንደሚያመጣ ለማየት የሚደረግን ጥናት በሰላም ጊዜ ማንም ኮሚቴ አያጸድቅም። አይደር ላይ ግን ያለ ፕሮቶኮልና ያለ ፈቃድ በየቀኑ ይደረግ ነበር፤ አማራጩ መሞት ነበርና።

በዚያ ሁሉ መካከል መዝገቡ አልቆመም። የድንገተኛ ክፍል ነርስ ስም፣ ዕድሜ፣ የቁስሉ ቦታ፣ ጥይት ወይም ፍንጣሪ ብላ ትጽፋለች። ሰላም ሲመጣ ጥናት የሚሆነው ያ ነው፤ አደጋም አለው። አንድ ካርድ «ወታደር» ወይም «ሲቪል» ብሎ፣ የቆሰለበትን ቦታና ቀን ጽፎ ሲገኝ፣ ሕክምናው ማስረጃ ይሆንና ሰውየውን ማሳደጃ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስም ተፍቆ፣ ቀኑ ወደ ወር ተጠቅልሎ፣ ቀበሌው ወደ ወረዳ ሰፍቶ መውጣት አለበት። ይህንን የሚጠይቀው የሥነ ምግባር ኮሚቴው ነው፤ ጦር ሜዳ ላይ ያለ ኮሚቴ ከሰላም ጊዜው ይልቅ ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው።

ነሐሴ 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በመቀሌ የሕፃናት መዋያ ያለበት ስፍራ በአየር ተመታ፤ ሕፃናትም ሞቱ። መስከረም 3 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በድሮን የተመታው የዩኒቨርሲቲው የዓዲ ሓቂ ግቢ እንደሆነ የክልሉ ባለሥልጣናትና የዩኒቨርሲቲው ሰዎች አስታወቁ። በማግስቱ በከተማይቱ የመኖሪያ ሰፈር በደረሰ ድብደባ 10 ሰው መሞቱን ያኔ የአይደር ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት ዶክተር ክብሮም ገብረሥላሴ ተናገሩ። የሆስፒታሉ ሐኪሞች እንዳሉት ሁለተኛው ምት ያረፈው የመጀመሪያዎቹን ቁስለኞች ለማንሣት በተሰበሰበው ሰው ላይ ነው።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ጦርነቱን የሚያቆም ስምምነት ተፈረመ። በኅዳር እርዳታ ገባ። የሆስፒታሉና የዩኒቨርሲቲው ሠራተኞች ከዚያ በኋላም የ17 ወር ውዝፍ ደመወዛቸውን ሲጠይቁ ከረሙ። ተመራማሪ ነው የምንለው ሰው ቤቱን በብድር እያስተዳደረ ስለ ፕሮፖዛል ማውራት ትንሽ ያሳፍራል፤ ቢሆንም ጥናቶቹ መውጣት ጀመሩ፣ የቁስለኛው፣ የተደፈሩት ሴቶች፣ መድኃኒት ያጡት የስኳርና የኩላሊት ሕሙማን።

በሌላው ግንባር ደግሞ፣ በጦርነቱ ወቅት ቁስለኛና ተፈናቃይ የጎረፈባት ደብረ ብርሃን፣ በዩኒቨርሲቲዋ የአሥራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ መሠረቱን ያደረገ የቀዶ ሕክምናና የጽኑ ሕሙማን ምርምር መረብ አቋቋመች። መረቡ በእስያና በአፍሪካ ሆስፒታሎች ከሚሠራ፣ በእንግሊዙ ዌልካም ድጋፍ ከሚንቀሳቀስ ትብብር ጋር ተያይዞ የጽኑ ሕሙማን መዝገብን ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ጀመረ። ገንዘቡ የውጭ ነው፤ ጥያቄውን የሚያወጡት ግን በየሆስፒታሉ ያሉት ሐኪሞች ናቸው። ይህ አካሄድ ከብዙ ትልልቅ ፕሮጀክቶች ይሻላል ባይ ነኝ።

በየካቲት 2017 ዓ.ም. በ22 የአፍሪካ አገሮች 180 ሆስፒታሎች ተኝተው የሚታከሙ ወደ 20,000 የሚጠጉ ሰዎችን የቆጠረ ጥናት ታተመ። ከስምንት ሕመምተኛ አንዱ በሞት አፋፍ ላይ ነበር፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ የተኙት በተራ ክፍል እንጂ በጽኑ ሕሙማን ክፍል አይደለም። ከግማሽ በላዩ ኦክስጅንን ወይም ፈሳሽን የመሰለ መሠረታዊ ሕክምና አላገኘም። ይህን ለማወቅ ያስፈለገው ውድ መሣሪያ አልነበረም፤ በየክፍሉ ዞሮ የሚለካና የሚጽፍ ሰው ነው።

በዚያው ዓመት የገንዘቡ በር ተዘጋጋ። አሜሪካ በጥር የውጭ እርዳታዋን ስታግድ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የሚቀጠሩ ወደ 5,000 የሚደርሱ የጤና ሠራተኞችን ውል አቋረጠ። በሚያዝያ ማገባደጃ ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት አዲስ ደንብ አወጡ፦ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ገንዘብ ተቀብሎ ለውጭ ሸሪኩ የሚያካፍልበት አሠራር ይቁም፤ የውጭው ተቋም በራሱ ስም ይመዝገብ፣ በራሱ ስም ይቀበል፣ በራሱ ስም ሒሳቡን ያቅርብ። ለአዲስ አበባ ይህ ራስ ምታት ነው። ለመቀሌ ደግሞ ከዚያም ይከብዳል፤ ባንኳ ለወራት ተዘግቶ የነበረ ከተማ የግዢ ደረሰኝ፣ የንብረት ዝርዝርና የውጭ ኦዲት ለዓመታት ተከታታይ አድርጎ ማሳየት አለበት። የአይደር ሐኪም ፕሮቶኮል መጻፍ ይችል ይሆናል፤ የግራንት ሒሳቡን በየሩብ ዓመቱ የሚዘጋለት፣ ዶላሩ በስንት ብር እንደተመነዘረና የትኛው ነርስ የሌሊት አበል እንደተከፈላት የሚያሳይ ባለሙያ ግን ሆስፒታሉ ውስጥ አይሠለጥንም። የሚሠለጥነው ዓዲ ሓቂ ነው።